በወላጆች ቤትና በዩኒቨርሲቲ መካከል የሚመላለስ ተማሪ የመኪና መድን በአሜሪካ

በአሜሪካ መዲና ዋሽንግተን ዲሲ እንዲሁም በአጎራባቾቹ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ግዛቶች በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። የእነዚህ ቤተሰቦች ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ከሚነሱት ጉዳዮች አንዱ የመኪና መድን ነው። ተማሪው በትምህርት ወራት በዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ በዕረፍት ወራት ደግሞ በወላጆቹ ቤት ስለሚኖር የሚያሽከረክረው መኪና ሁለት ማደሪያ ይኖረዋል። የመድን ውሉ ግን የሚዘጋጀው በአንድ አድራሻ ነው። ይህ ልዩነት በወቅቱ ለመድን ሰጪው ካልተገለጸ፣ አረቦን በየወሩ ሲከፍል የቆየ ቤተሰብ አደጋ በደረሰ ዕለት ያለ ሽፋን ሊቀር ይችላል።

ጉዳዩ በዚያ የሚኖሩ ቤተሰቦችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ለሥራ ወደ አሜሪካ የተመደቡና ቤተሰባቸውን ይዘው የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኞችንም ሆነ ለከፍተኛ ትምህርት የሚጓዙ ተማሪዎችን ይነካል። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ የአሠራሩን ዋና ዋና ነጥቦች የሚያሳይ ነው።

የሕጉ መሠረት

በአሜሪካ የመድን ሥራን የሚቆጣጠሩት በዋናነት ግዛቶች ናቸው። የፌዴራሉ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ1945 ያወጣው የማካረን ፈርጉሰን ሕግ ይህንኑ የግዛቶች ሥልጣን አጽንቷል። በመሆኑም በመላ አገሪቱ በአንድ ወጥነት የሚሠራ የመኪና መድን ሕግ የለም። የመኪና ባለንብረቶች መድን እንዲገቡ በማስገደድ ማሳቹሴትስ ቀዳሚ ስትሆን፣ ሕጓ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ በ1927 ነው። ዛሬ ከኒው ሃምፕሻየር በስተቀር በሁሉም ግዛቶች ማለት ይቻላል በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚውል መድን ግዴታ ሆኗል። ቨርጂኒያ የመድን ሽፋን የሌለው ባለመኪና 500 ዶላር ከፍሎ እንዲያሽከረክር ስትፈቅድ ቆይታ፣ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አስቀርታለች።

ዝቅተኛው የሽፋን መጠንም እንደየግዛቱ ይለያያል። እ.ኤ.አ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሚጸኑ የቨርጂኒያ ውሎች ለአንድ ተጎጂ የአካል ጉዳት ወይም ሞት 50 ሺህ ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለሚጎዱ ሰዎች በጠቅላላው 100 ሺህ ዶላር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 25 ሺህ ዶላር ዝቅተኛው ሽፋን ነው። በሜሪላንድ መጠኑ በቅደም ተከተል 30 ሺህ፣ 60 ሺህና 15 ሺህ ዶላር ሲሆን በዋሽንግተን ዲሲ 25 ሺህ፣ 50 ሺህና 10 ሺህ ዶላር ነው።

እነዚህ አኃዞች መድን ሰጪው ለተጎጂው የሚከፍለውን ጣሪያ የሚወስኑ እንጂ ጉዳት ያደረሰውን ሰው ኃላፊነት የሚገድቡ አይደሉም። ለምሳሌ በሜሪላንድ ዝቅተኛውን ሽፋን ብቻ የያዘ ተማሪ በጥፋቱ አንድ እግረኛ ቢጎዳና የተወሰነበት ካሳ 120 ሺህ ዶላር ቢሆን፣ ኩባንያው የሚከፍለው 30 ሺህ ዶላር ነው። ቀሪው 90 ሺህ ዶላር ከተማሪው ይጠየቃል። ወላጆችም እንደየግዛቱ ሕግና እንደነገሩ ሁኔታ፣ በተለይም ለማሽከርከር ብቁ አለመሆኑን እያወቁ መኪና የሰጡ እንደሆነ፣ ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ቤትና ቁጠባ ያለው ቤተሰብ በዝቅተኛው ሽፋን ብቻ እንዳይወሰን የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

መኪናው የሚያድርበት ቦታ

የመድን ኩባንያዎች አረቦን ሲያሰሉ ከሚመለከቷቸው ነጥቦች መካከል የአሽከርካሪው ዕድሜና የማሽከርከር ታሪክ፣ የመኪናው ዓይነት፣ በዓመት የሚጓዘው ርቀትና መኪናው በመደበኛነት የሚያድርበት ቦታ ይገኙበታል። በተጨናነቀ ከተማ መንገድ ዳር የሚያድር መኪና በአነስተኛ ከተማ በግቢ ውስጥ ከሚያድረው የበለጠ ለግጭትና ለስርቆት ይጋለጣል ተብሎ ስለሚገመት፣ በአንድ ግዛት ውስጥ እንኳ ከአንዱ የፖስታ ቁጥር ወደ ሌላው አረቦኑ ይለያያል። ወጣት አሽከርካሪዎች ከፍ ያለ አረቦን የሚጠየቁትም ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ ከ16 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ክልል የሚገኙ አሽከርካሪዎች በተጓዙት ርቀት ሲሰላ ለሞት በሚዳርግ አደጋ ውስጥ የሚገኙበት መጠን ከ20 ዓመት በላይ ከሆኑት ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል።

በመሆኑም ተማሪው መኪናውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዞ የሚሄድ ከሆነ ቤተሰቡ አዲሱን ማደሪያ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ ይኖርበታል። መኪናው በአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ከሚኖሩት ወላጆች ቤት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ብላክስበርግ፣ ወደ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ቢሄድ ግዛቱ አንድ ቢሆንም የማደሪያው ቦታ ተለውጧል። ለውጡ ሁልጊዜ አረቦን ይጨምራል ማለት አይደለም። ከትልቅ ከተማ ወደ አነስተኛ ከተማ ሲሆን ሊቀንስም ይችላል።

ብዙዎችን የሚያሳስበው የግዛት ድንበር ማቋረጥ ነው። በአገሪቱ በስፋት የሚሠራበት መደበኛ የግል መኪና መድን ውል በሁሉም ግዛቶችና በካናዳ የሚያገለግል ሲሆን፣ አደጋው የደረሰበት ግዛት ዝቅተኛ ሽፋን በውሉ ከተመለከተው የሚበልጥ ከሆነ ውሉ ወደዚያው መጠን ከፍ ብሎ እንዲተረጎም የሚያደርግ አንቀጽ ይዟል። ስለዚህ ከሜሪላንድ ተነስቶ በቨርጂኒያ ማለፍ በራሱ ችግር አይፈጥርም። ችግር የሚፈጥረው መኪናው በሌላ ግዛት ለወራት እያደረ ኩባንያው ሳያውቅ መቅረቱ ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች ደግሞ በሁሉም ግዛቶች የመሥራት ፈቃድ ስለሌላቸው ቤተሰቡ ጥያቄውን ከትምህርት መጀመሪያ በፊት ማቅረቡ ተገቢ ነው።

የሰሌዳ ጉዳይም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች መኪናቸውን በወላጆቻቸው ግዛት እንደተመዘገበ እንዲያቆዩ በርካታ ግዛቶች ቢፈቅዱም ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጡ አሉ። በማሳቹሴትስ የሌላ ግዛት ሰሌዳ ያለው መኪና የሚያሽከረክር ተማሪ የትምህርት ተቋሙ በሚገኝበት ከተማ ለፖሊስ የጽሑፍ መግለጫ ማቅረብ አለበት። ይህን ሳይፈጽም የቀረ እስከ 200 ዶላር ይቀጣል። በዋሽንግተን ዲሲም ከሌላ ግዛት ለሚመጡ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች የተለየ የፈቃድ ሥርዓት ተዘርግቷል።

ተማሪው የቤተሰብ አባል ሆኖ የሚቆጠረው እስከ መቼ ነው

መደበኛው ውል ሽፋን የሚሰጠው ለውሉ ባለቤትና አብረውት በአንድ ቤት ለሚኖሩ የቤተሰብ አባላት ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄደ ልጅ በማደሪያ ክፍል ቢኖርም መሄዱ ጊዜያዊ በመሆኑ፣ ክፍሉና ንብረቱ በወላጆቹ ቤት ስለሚቆይና በዕረፍት ስለሚመለስ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ነዋሪ እንደሆነ ይቆጠራል። ይሁንና ተማሪው ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይቶ ዓመቱን ሙሉ በዚያው የሚኖር፣ መንጃ ፈቃዱን ወደ አዲሱ ግዛት ያዛወረ ወይም ተመርቆ በዚያው ሥራ የያዘ ከሆነ ይህ ግምት ይዳከማል። ክርክር በተነሳ ጊዜ የሚታየው ተማሪው ወደ ወላጆቹ ቤት የመመለስ ሐሳብ ያለው መሆን አለመሆኑ ነው። ስለሆነም በየዓመቱ የኑሮ ሁኔታው በተለወጠ ቁጥር ውሉን መከለስ ያስፈልጋል።

መኪናው በወላጆች ቤት ሲቀር

ተማሪው ያለ መኪና ሄዶ የሚያሽከረክረው ለዕረፍት ሲመለስ ብቻ ከሆነ ብዙ ኩባንያዎች የሩቅ ተማሪ ቅናሽ ይሰጣሉ። ቅናሹ በተለምዶ የሚፈቀደው ዩኒቨርሲቲው ከቤት ከ100 ማይል ወይም ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ሲርቅ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ቤተሰብ ልጅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ርቆ በሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ የሚማር ከሆነ በማደሪያ ክፍል ቢኖርም በዚህ ቅናሽ አይጠቀምም።

ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የተማሪውን ስም ከውሉ ጨርሶ ማሰረዝ ግን አደገኛ ነው። በተለይ ተማሪው በሽፋኑ እንዳይካተት በጽሑፍ ተስማምቶ የፈረመ ቤተሰብ፣ ልጁ ለበዓል መጥቶ ለአንድ ቀን እንኳ ቢያሽከረክርና አደጋ ቢደርስ ካሳ ሊከለከል ይችላል። ከዚህ ይልቅ በሕጋዊ መንገድ ወጪ መቀነስ ይቻላል። ከሩቅ ተማሪ ቅናሽ በተጨማሪ ብዙ ኩባንያዎች በአማካይ ቢ ወይም 3 ነጥብ 0 እና ከዚያ በላይ ላመጡ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች የትምህርት ውጤት ቅናሽ ያደርጋሉ። ቅናሹ እንዲቀጥል የውጤት ማስረጃውን በየጊዜው ማቅረብ ያስፈልጋል።

በተማሪው ስም የተመዘገበ መኪና

ወላጆች መኪና ገዝተው በልጃቸው ስም ሲያስመዘግቡ የባለቤትነት ማስረጃው የተማሪው፣ የመድን ውሉ ግን የወላጆች ይሆናል። መድን የሚገባ ሰው በንብረቱ ላይ ጥቅም ሊኖረው ስለሚገባ አንዳንድ ኩባንያዎች እንዲህ ዓይነቱን መኪና በወላጆች ውል አያካትቱም። በዚህ ጊዜ አማራጮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ተማሪው በራሱ ስም ውል መግባት ሲሆን በዕድሜው ምክንያት አረቦኑ ከፍ ይላል። ሁለተኛው መኪናውን በወላጅና በልጅ የጋራ ስም አስመዝግቦ ሁለቱንም በውሉ ማስገባት ነው። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ አበዳሪው በመኪናው ላይ ለሚደርስ ጉዳትና ስርቆት ጭምር ሙሉ ሽፋን እንዲገባ ስለሚያስገድድ በዝቅተኛው ሽፋን መወሰን አይቻልም።

መኪናን ለጓደኛ መስጠትና ለክፍያ መሥራት

በተማሪዎች ዘንድ መኪና መዋዋስ የተለመደ ነው። በአጠቃላይ አሠራሩ መድኑ መኪናውን ስለሚከተል በባለቤቱ ፈቃድ አልፎ አልፎ የሚያሽከረክር ሰው ሽፋን ያገኛል። ሆኖም ጓደኛው አደጋ ቢያደርስ በቀጣዩ ጊዜ አረቦን የሚጨምረው በመኪናው ባለቤት ቤተሰብ ላይ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛ መኪናውን አዘውትሮ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ በውሉ ውስጥ እንዲመዘገብ ማድረግ ያስፈልጋል።

ብዙ ቤተሰቦች ሳያውቁት የሚያልፉት ሌላው ጉዳይ ተማሪው በትርፍ ጊዜው የሚሠራው ሥራ ነው። በስልክ መተግበሪያ ምግብ እያደረሱ ወይም ተሳፋሪ እያጓጓዙ ገቢ ማግኘት በተማሪዎች መካከል ተስፋፍቷል። መደበኛው የግል መኪና ውል ግን ሰውን በክፍያ ለማጓጓዝ የዋለ መኪናን ከሽፋን ውጭ ያደርጋል። በርካታ ውሎች ዕቃና ምግብ ማድረስንም በዚሁ ይጨምራሉ። ተማሪው በሥራ ላይ እያለ አደጋ ቢደርስ የቤተሰቡ መድን ሰጪ ላይከፍል ይችላል። ሥራውን የሚያሠራው ድርጅት የሚሰጠው ሽፋንም እንደየድርጅቱና አደጋው እንደደረሰበት ሰዓት ስለሚለያይ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተጨማሪ ሽፋን መግዛት ይገባል።

በመኪናው ውስጥ ያለ ንብረትም እንዲሁ ይዘነጋል። ተማሪው ኮምፒዩተሩንና ልብሱን ጭኖ ሲጓዝ መኪናው ተሰብሮ ቢሰረቅ የመኪና መድን የሚመለከተው መኪናውን እንጂ የግል ዕቃውን አይደለም። ለዕቃው የሚያገለግለው የወላጆች የቤት መድን ወይም ተማሪው የገባው የተከራይ መድን ነው።

ከኢትዮጵያ የሚሄዱ ተማሪዎች

ወላጆቹ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ተማሪ በዚያ የሚጠጋበት የቤተሰብ ውል ስለሌለው መኪና ከገዛ የራሱን ውል መግባት ግድ ይሆንበታል። በአገር ቤት ያካበተው የማሽከርከር ልምድ ብዙ ጊዜ ስለማይያዝለት እንደ አዲስ አሽከርካሪ ሊታይ ይችላል። በዘመድ ቤት የሚኖር ከሆነ ደግሞ የዘመዱን መኪና የሚያሽከረክር የቤቱ ነዋሪ በመሆኑ ስሙ ለዘመዱ መድን ሰጪ መገለጽ አለበት። አጎት ወይም አክስት ለእንግዳቸው ቁልፍ ከመስጠታቸው በፊት ይህን ቢያደርጉ ራሳቸውንም እንግዳቸውንም ይጠብቃሉ።

በሰው አድራሻ መድን መግባት የሚያስከትለው መዘዝ

የአረቦን ልዩነት አንዳንድ ሰዎችን መኪናው በማያድርበት አድራሻ ውል እንዲገቡ ይገፋፋል። በከተማ የሚኖር ሰው አረቦኑ ዝቅ በሚልበት አካባቢ የሚኖር ዘመዱን አድራሻ ይሰጣል። በተጨባጭ መኪናውን በየቀኑ የሚያሽከረክረው ተማሪ ሆኖ ሳለ አባት ወይም እናት ዋና አሽከርካሪ ተደርገው ይመዘገባሉ። ይህ እንደ መረዳዳት ሊታይ ቢችልም በመድን ሕግ ፊት ግን ለአረቦን ስሌት መሠረት የሆነን እውነት አዛብቶ ማቅረብ ነው።

ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ ዝርዝር ማጣራት የሚያካሂዱት የካሳ ጥያቄ ሲቀርብ ነው። የፖሊስ ሪፖርት፣ የመኪና ማቆሚያ ቅጣቶች፣ የዩኒቨርሲቲው የመኪና ማቆሚያ ፈቃድና የጥገና ደረሰኞች መኪናው የት እንደሚውልና እንደሚያድር ያመለክታሉ። መዛባቱ ሲረጋገጥ ኩባንያው እንደየግዛቱ ሕግ ውሉን ሊሰርዝ፣ ካሳውን ሊከለክል፣ ያልተከፈለውን የአረቦን ልዩነት ሊጠይቅ ወይም ለተጎጂው ከፍሎ ገንዘቡን ከውሉ ባለቤት ሊያስመልስ ይችላል። ውሉ የተሰረዘበት ቤተሰብ ወደፊትም በሌላ ኩባንያ መድን ለመግባት ይቸገራል። በወር ጥቂት ዶላሮችን ለማዳን የተደረገ ነገር ለዓመታት የተጠራቀመ ሀብትን ሊያሳጣ ይችላል ማለት ነው።

ከኢትዮጵያ ሕግ ጋር ሲነጻጸር

እውነቱን የመግለጽ ግዴታ ለኢትዮጵያ ሕግም አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 667 መድን የሚገባ ሰው ስለ አደጋው ሥጋት የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል። በአንቀጽ 668 ደግሞ ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተነገረ ነገር ውሉን ፈራሽ እንደሚያደርገው ይደነግጋል። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣ እነዚህ የመድን ድንጋጌዎች እንደነበሩ ቀጥለዋል።

ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የሚውል የተሽከርካሪ መድን በኢትዮጵያ አስገዳጅ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ሲሆን፣ ይኸው አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተክቷል። የባለንብረቱ ኃላፊነትም ከብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የከበደ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያሽከረከረው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ነጻ ይሆናል። በመሆኑም በአዲስ አበባ የቤተሰቡን መኪና ይዞ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ተማሪ ያለው ወላጅም ማን እንደሚያሽከረክርና መኪናው የት እንደሚውል ለመድን ሰጪው ቢያሳውቅ የሚጠቅመው ራሱን ነው።

ከትምህርት ዘመኑ በፊት

ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች ሲጠቃለሉ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ያርፋሉ። መኪናው የሚያድረው የት ነው? የሚያሽከረክረውስ ማን ነው? ቤተሰቡ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ በውሉ ላይ ከሰፈረው ጋር አንድ መሆኑን በየትምህርት ዘመኑ መግቢያ ማረጋገጥ አለበት። ለውጥ ካለም ለመድን ሰጪው በጽሑፍ አሳውቆ የተሻሻለውን ውል መቀበልና አንዱን ቅጂ በመኪናው ውስጥ ማኖር ያስፈልጋል። በስልክ ብቻ የተነገረ ለውጥ ክርክር ሲነሳ ለማስረዳት ያስቸግራል።

ኩባንያው ካሳ ያለ አግባብ ከልክሎኛል ወይም ውሌን ያለ በቂ ምክንያት ሰርዞብኛል የሚል ወገን ያለ ክፍያ አቤቱታ የሚያቀርብባቸው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች አሉ። በሜሪላንድ የግዛቱ የመድን አስተዳደር፣ በቨርጂኒያ በግዛቱ የኮርፖሬሽን ኮሚሽን ሥር የሚገኘው የመድን ቢሮ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የመድን፣ የሰነደ መዋዕለ ንዋይና የባንክ መምሪያ ናቸው። አቤቱታው ክብደት የሚኖረው ግን ቤተሰቡ አስቀድሞ የሰጠው መረጃ እውነተኛ ሆኖ ሲገኝ ነው።